የታጣፊ ምላጭ ስፋት አመራረጥ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፊታችሁን ለኩ

ብዙ ሰው ታጣፊ ምላጭ ይገዛል፤ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክራል፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ይረሳዋል። «ምን ሆነ?» ስትሉት «ፊቴ አልቻለውም» ይላችኋል። ምላጩን ተቀብላችሁ ስታዩት ግን ስለቱ ደህና ነው። የሰውዬው እጅም ደህና ነው። ያልሆነለት ስፋቱ ነው።

እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። የመጀመሪያ ምላጬን የመረጥኩት በመልኩ ነበር። ሙሉ አንድ ኢንች ስፋት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር። ጉንጬን ግሩም አድርጎ ላጨኝ። አፍንጫዬ ስር ስደርስ የምላጩ ጀርባ የአፍንጫዬን ጫፍ ነካ። ቦታ ለማግኘት ጀርባውን ወደ ውጭ ከፈት ሳደርገው ስለቱ ቆዳዬ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ቆረጠኝ። ከከንፈሬ በላይ ያለችው ቀጭን መስመር እስካሁን አለች።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ስፋቱን የሚወስንላችሁ የፊታችሁ ጠባብ ቦታ ነው። እሱን ደግሞ በአሥር ደቂቃ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መለካት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቃላቱ

የማወራው ስለቱ ስለማይቀየረው፣ እንደ ቀበቶ ባለ የመሳያ ቆዳ ላይ እየተመላለሰ፣ ድንጋይ ላይ እየተሳለ ለዓመታት ስለሚያገለግለው ምላጭ ነው። ፀጉር ቤት የምናየው፣ ግማሽ ምላጭ የሚጎርሰው እጀታ በመልክ ይመሳሰለዋል እንጂ ሌላ ዕቃ ነው። እሱ ላይ ስፋት መምረጥ የሚባል ነገር የለም። የምትቀይሩት የሚጎርሰውን ምላጭ ብቻ ነው።

- ጀርባ፦ ወፍራሙ የላይኛው ጠርዝ።
- ስለት፦ የሚቆርጠው ጠርዝ።
- ጫፍ፦ ከእጀታው የራቀው የስለቱ መጨረሻ።
- ተረከዝ፦ ወደ እጀታው የቀረበው የስለቱ መጨረሻ።
- አንገት፦ ስለት የሌለው፣ ጣቶቻችሁ የሚያርፉበት ብረት።

ስፋት ማለት ከጀርባው አናት እስከ ስለቱ ያለው ርቀት ነው። ርዝመቱን ለክቶ «የኔ ሰፊ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ርዝመቱ በአብዛኛው ምላጭ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ብዙም አይለያይም። የሚለያየው ስፋቱ ነው።

የሚነገረው በኢንች ስምንተኛ ነው። ከጀርመኑ ዞሊንገን፣ ከፈረንሳዩ ቲየር፣ ከእንግሊዙ ሼፊልድ ከተሞች የሚወጡ ምላጮች ሁሉ የሚጠሩት በዚሁ ነው። በሚሊ ሜትር ሲሆን፦

- 3/8 = 9.5
- 4/8 = 12.7
- 5/8 = 15.9
- 6/8 = 19
- 7/8 = 22.2
- 8/8 = 25.4

11/16 የሚል ካያችሁ አትደናገሩ። በ5/8 እና በ6/8 መካከል ያለ ነው፤ 17.5 ሚሊ። 13/16 ደግሞ 20.6 ሚሊ ነው።

ስፋት በእጃችሁ ላይ ምን ይቀይራል?

ይህን ሳትረዱ ወደ ደረጃዎቹ አትሂዱ።

ምላጭ ቆዳ ላይ የሚሄደው በግምት 30 ዲግሪ ተጋድሞ ነው። በዚህ አያያዝ የጀርባው መሃል ከቆዳችሁ የሚርቀው የስፋቱን ግማሽ ያህል ነው። 5/8 ከሆነ 8 ሚሊ አካባቢ፣ 8/8 ከሆነ 13 ሚሊ አካባቢ። አፍንጫ ስር ያ 5 ሚሊ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሰፊው ግን የራሱ ጥቅም አለው። እጃችሁ በ1 ሚሊ ብትሳሳት 4/8 ላይ ማዕዘኑ ወደ 5 ዲግሪ ይዛባል። 5/8 ላይ 4 ዲግሪ ይሆናል። 8/8 ላይ 2 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ብቻ። ስለዚህ ጠባብ ምላጭ በየቦታው ይገባል፣ ግን የእጅ ስህተትን አይምርም። ሰፊው ስህተት ይሸከማል፣ ግን በየቦታው አይገባም። ጠባብ ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ ይሻላል የሚለው ምክር ጎዶሎ የሆነው ለዚህ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ቀለል ያሉ ናቸው። ሰፊ ምላጭ ብዙ አረፋ ይሸከማል፤ ቶሎ ቶሎ ማጠብ አያስፈልግም። ደግሞም ይከብዳል፤ ክብደቱ ጠንካራ ፂም ላይ ያግዛል፣ እጅን ግን ያደክማል።

የሚያስፈልጓችሁ

የጥርስ ሳሙና ካርቶን ሁለት፣ መቀስ፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ክብሪት፣ ናስትሮ፣ እስክሪብቶ፣ ጥሩ ብርሃን ያለው መስታወት። ካሊፐር (በሁለት መንጋጋ ይዞ ስፋትና ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ ደረጃ 4 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ ፂማችሁን አሳድጉና አጥኑት

1. ለሦስት ቀን አትላጩ።
2. በሦስተኛው ቀን ፊታችሁን ታጥባችሁ በጣታችሁ ዳብሱ። ጣታችሁ ያለ ግጭት የሚንሸራተትበት አቅጣጫ ፂሙ የሚበቅልበት ነው። ጉንጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሊሆን ይችላል።
3. የሚላጩትንና የማይላጩትን ቦታ ለዩ። ከከንፈር በላይ ያለውን ካሳደጋችሁ ምርጫችሁ ይሰፋል። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታያላችሁ።

ጥንቃቄ፦ ፂማችሁ የሚጠቀለል ከሆነ፣ ብዙዎቻችን ነን፣ ስትላጩ የሚወጣው ሽፍታ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። በጣም ከስር የተቆረጠ ጥቅል ፀጉር ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያብጣል፣ ይቆጣል። ይህ በስፋት አይድንም። ማንም ሻጭ «ይህ ስፋት ሽፍታ ያጠፋል» ቢላችሁ አትመኑት። መከላከያው ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ብቻ አንድ ጊዜ መላጨት፣ ቆዳን ከልክ በላይ አለመወጠር፣ ያበጠውን ቦታ እስኪድን መተው ነው። አሁን ያበጠ ካላችሁ ምላጩ ይቆይ። በየጊዜው የሚመላለስ ከሆነ የቆዳ ሐኪም አማክሩ።

ደረጃ 2፦ በካርቶን ፊታችሁን ለኩ

መዝለል የሌለባችሁ ደረጃ ይህ ነው። አንድ ብር አያስወጣችሁም።

ካርቶኑን ማዘጋጀት

1. 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ቁራጮች ቁረጡ። ስፋታቸው 13፣ 16፣ 19 እና 22 ሚሊ ይሁን። እነዚህ 4/8፣ 5/8፣ 6/8 እና 7/8 ማለት ናቸው።
2. በየቁራጩ ላይ ቁጥሩን ጻፉ። አራቱም መስታወት ፊት ስትቆሙ ይመሳሰሉባችኋል።
3. አንዱን ረጅም ጠርዝ «ጀርባ» አድርጉት። ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ 7 ሴንቲ ሜትር ድረስ በግራና በቀኝ ጎኑ የክብሪት እንጨት ደርድሩና በናስትሮ ለጥፉ። ባዶ ካርቶን ስስ ስለሆነ ይዋሻል። እውነተኛ ምላጭ ጀርባው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ይወፍራል፤ አፍንጫችሁን የሚነካው ያ ውፍረት ነው።
4. የቀረው 5 ሴንቲ ሜትር መያዣ ነው። በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ያዙት።

ካርቶኑ ከታጠፈ ሁለት ድርብ አድርጋችሁ አጣብቁት። የሚወላገድ ካርቶን ማዕዘኑን ያጠፋባችኋል።

ማዕዘኑን ማግኘት

ካርቶኑን ጉንጫችሁ ላይ ለጥ አድርጉት። ያ ዜሮ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም 90 ነው። ከለጥ ካለበት አንድ ሦስተኛ ብቻ አንሱት። ያ 30 ዲግሪ ነው። ጉንጫችሁ ላይ ደጋግማችሁ ልመዱትና ወደ ጠባቦቹ ቦታዎች ሂዱ።

አራቱ ቦታዎች

ሁልጊዜ ከ22 ሚሊው ጀምራችሁ ወደ ጠባቡ ውረዱ።

1. አፍንጫ ስር። በሌላኛው እጃችሁ የአፍንጫችሁን ጫፍ ወደ ላይ ግፉ። ስለት የሆነውን ጠርዝ ፀጉሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ልክ ከአፍንጫ ቀዳዳ ስር አስቀምጡ። ጀርባው ወደ ላይ ይሁን። በ30 ዲግሪ ሲቀመጥ ክብሪቱ አፍንጫችሁን ከነካ ያ ስፋት ወድቋል። «ትንሽ ከፈት ካደረግኩት ይገባል» አትበሉ። እኔን የቆረጠኝ ያ «ትንሽ ከፈት» ነው።
2. ከታችኛው ከንፈር ስር ያለችው ጉድጓድ። ከንፈራችሁን ወደ ውስጥ፣ ጥርሳችሁ ላይ ሳቡ። ጠርዙን ከከንፈሩ ስር አሳርፉ። ክብሪቱ ከንፈራችሁን መጫን የለበትም።
3. መንጋጋ ስር። ራሳችሁን ወደ ኋላ አዘንብሉ። ጠርዙን ከመንጋጋ አጥንት ልክ በታች አስቀምጡና ወደ ታች የምትላጩ መስላችሁ ያዙት። ጀርባው አጥንቱን ከተደገፈ ወድቋል። ግራውንም ቀኙንም ሞክሩ፤ ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።
4. ጆሮ አጠገብ። እዚህ የምትፈትኑት ዓይናችሁን ነው። ጠርዙ የት እንዳረፈ መስታወት ውስጥ ይታያችኋል? ሰፊ ምላጭ ራሱ ስለቱን ይሸፍናል።

ውጤቱን ጻፉ። ሁሉንም ቦታ ያለፈው ሰፊው ካርቶን ጣሪያችሁ ነው። ከዚያ በላይ አትግዙ።

ካልሆነላችሁ

- ሁሉም አፍንጫ ስር ከወደቁ፦ አትሸበሩ፣ ብዙ ፊት እንዲህ ነው። ካርቶኑን አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጋችሁ በጫፉ በኩል ሞክሩ። 16ቱ በዚህ መንገድ ካለፈ 5/8 ይሆናችኋል።
- አፍንጫ ስር ብቻ ከወደቀና ያን ቦታ የማትላጩ ከሆነ፦ ፈተና 1ን ሰርዙት። የቀሩት ሦስቱ ይወስኑ።
- ግራና ቀኝ የተለያየ ውጤት ከሰጡ፦ ጠባቡን ተቀበሉ።

ደረጃ 3፦ ስፋቱን ወስኑ

5/8። ለአብዛኛው ጀማሪ መልሱ ይህ ነው። አፍንጫ ስር ይገባል፣ እጅን ብዙ አይቀጣም፣ ገበያ ላይም በብዛት አለ።

6/8። 19 ወይም 22 ሚሊው ካርቶን በደንብ ካለፈና ፂማችሁ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሦስት አራት ቀን እያሳደጉ ለሚላጩም ይስማማል፤ አረፋውንም ፀጉሩንም ይሸከማል።

4/8 እና ከዚያ በታች። ፂም አሳድጋችሁ ዳር ዳሩን ብቻ ለምታስተካክሉ። መስመር ለማውጣት ከዚህ የሚሻል የለም። ሙሉ ፊት ለመላጨት የመጀመሪያ ምላጭ አድርጋችሁ ግን አትግዙት። ማዕዘኑ በእጃችሁ ሳይገባ ይቧጭራችኋል።

7/8 እና 8/8። ለሁለተኛ ምላጭ ይቆዩ። ጣሪያችሁ 22 ሚሊ ቢሆንም እንኳ ይቆዩ።

በ5/8 እና በ6/8 መካከል ካመነታችሁ የኔ ምክር 5/8 ነው። 5/8 ሲያንሳችሁ የምትከፍሉት ዋጋ ምላጩን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ማጠብ ነው። 6/8 ሲበዛባችሁ ግን የምትከፍሉት በቆዳችሁ ነው።

ደረጃ 4፦ ከመክፈላችሁ በፊት ምላጩን ራሱን ለኩ

በተለይ ያገለገለ ምላጭ ስትገዙ የሻጩን ቃል አትውሰዱ። ምላጭ በተሳለ ቁጥር ይጠባል። ሲወጣ 6/8 የነበረው ዛሬ 11/16 ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሳይዋሽም ሊሳሳት ይችላል።

1. በሦስት ቦታ ለኩ። ተረከዙ ጋ፣ መሃል፣ ጫፉ ጋ። ካሊፐር ከሆነ መንጋጋውን በቀስታ አስጠጉ፣ ስለቱን አትጫኑት፤ ብረት ከብረት ሲነካካ ስለት ይሸረፋል። ማስመሪያ ከሆነ ምላጩን ማስመሪያው ላይ አጋድማችሁ በዓይን አንብቡ።
2. ሦስቱን አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ከበለጠ ምላጩ ያለአግባብ ተስሏል። መሃሉ ጠቦ ሁለቱ ዳር ከሰፉ፣ ስለቱ ወደ ውስጥ ጎብጧል ማለት ነው። ይህን ተዉት፤ መሃሉ ቆዳችሁን አይነካም። መሃሉ ሰፍቶ ዳሮቹ ከጠበቡ መላጨት ይችላል፣ ግን ለጀማሪ መሳሉ ያስቸግራል።
3. የጀርባውን ውፍረት ለኩ። ስፋቱን ለውፍረቱ አካፍሉ። መልሱ ከ3.2 እስከ 4 ባለው ውስጥ መሆን አለበት።

ይህ ሦስተኛው ነገር ምስጢሩ ምንድን ነው? ምላጭ ድንጋይ ላይ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋዩን ይነካሉ። ስለዚህ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው ስፋቱ ከጀርባው ውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ስፋቱ 15.9፣ ጀርባው 4.5 ከሆነ ሲካፈል 3.5 ይመጣል፤ ማዕዘኑ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጣም ጥሩ። ሌላው ስፋቱ 14፣ ጀርባው 5 ቢሆን 2.8 ይመጣል፤ ማዕዘኑ ከ20 ያልፋል። ይህ ምላጭ ምንም ያህል ቢሳል ፂም ይጎትታል። ከ4 በላይ ከሆነ ደግሞ ስለቱ በጣም ይሳሳል፣ ቶሎ ይሸራረፋል።

እንዲህ ያለው የተዛባ ምላጭ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጀርባው በናስትሮ ተሸፍኖ ለዓመታት ከተሳለ ነው። ስለቱ እየተበላ ይጠባል፤ ጀርባው ግን አይነካም። ናስትሮ ሳይደረግበት ከተሳለ ሁለቱ አብረው ስለሚበሉ ማዕዘኑ ብዙም አይርቅም። ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ የሚያብረቀርቅ መስመር ካያችሁ የዚህ ምልክት ነው። ቀጭንና እኩል ከሆነ አያሳስብ። በአንድ በኩል ብቻ ሰፍቶ ከታየ ተዉት።

4. ስለቱ አጠገብ ዝገት ፈልጉ። ጀርባው ላይ ያለ ነጠብጣብ የሚያበላሸው መልኩን ብቻ ነው። ስለቱ ላይ ያለ የዝገት ጉድጓድ ግን እያንዳንዱ ስለቱን ይሰብራል።

ጥንቃቄ፦ ያገለገለ ምላጭ ገዝታችሁ እንዳለ አትላጩበት። በሳሙና እጠቡት፣ በ70% አልኮል በደንብ አርጥቡት፣ እስኪደርቅ ተዉት፣ ከዚያም ይሳል። አንዴ የናንተ ከሆነ በኋላ ለወንድማችሁም አታውሱት። ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በደም ይተላለፋሉ፤ ዓይን የማያየው ደም ምላጭ ላይ ይቀራል።

ከውጭ ካስመጣችሁ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ «ምላጭ አምጣልኝ» ብላችሁ አትዝጉት። ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ የጫፉን ዓይነት፣ ደግሞም «ተስሎ ለመላጨት የተዘጋጀ ነው ወይ?» ብሎ ሻጩን እንዲጠይቅ ጽፋችሁ ላኩለት። አዲስ ምላጭ ሁሉ ከሳጥኑ ወጥቶ አይላጭም። ደግሞም የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው። በእጅ ቦርሳ ከያዘው ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል።

ደረጃ 5፦ ጎኑንና ጫፉን ከስፋቱ ጋር አስማሙ

ሁለት 5/8 ምላጮች በእጅ ሲያዙ ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ምክንያቱ ጎናቸው ነው። አንዱ ጎኑ በጥልቀት ተጎድጉዶ ወደ ስለቱ ሲደርስ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ሌላው እንደ ሽብልቅ ከጀርባው እስከ ስለቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

- 5/8 ወይም 6/8 ከገዛችሁ ጎኑ የተጎደጎደውን ውሰዱ። ቀላል ነው፤ ፂሙን ሲቆርጥ ድምፅ ይሰጣችኋል። ጥርት ያለ ሽርሽርታ ከሰማችሁ ማዕዘናችሁ ልክ ነው። ድምፁ ሲታፈን ማዕዘኑ ተዛብቷል። ይህ ድምፅ ለጀማሪ አስተማሪ ነው።
- ሽብልቁ ለጠንካራ ፂም ጥሩ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ መሳሉም ጊዜ ይወስዳል። በኋላ ድረሱበት።
- ጫፉ ክብ ይሁን። አራት ማዕዘን ሹል ጫፍ አፍንጫ ስር ለመግባት ያመቻል፤ እጅ ያልለመደ ሰው ግን ጆሮውንም ይወጋበታል።

ሚዛኑንም ሞክሩ። ምላጩን ከፍታችሁ፣ እጀታውና ብረቱ የተያያዙበት ምስማር አካባቢ አንድ ጣት ላይ አስቀምጡት። ወደ ብረቱ በጣም ካዘነበለ እጀታው ለዚያ ስፋት ቀሏል ማለት ነው። በእጃችሁ ውስጥ መዞር ይወዳል።

ደረጃ 6፦ ምርጫችሁን ፊታችሁ ላይ አረጋግጡ

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ፊት አትላጩ።

1. ምላጩን የመሳያው ቆዳ ላይ (ፊታችሁ ላይ አይደለም) አመላልሱ። ጀርባው ይምራ፣ ስለቱ ይከተል። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ በጀርባው ላይ አገላብጡት። ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይበቃል። ስለቱ ከመራ የመሳያውን ቆዳ ትቆርጣላችሁ፣ ስለቱንም ታበላሻላችሁ። 6/8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሲገላበጥ ረጅም መንገድ ይሄዳልና ቀስ በሉ።
2. ፊታችሁን በሙቅ ውሃ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አለስልሱ። አረፋውን በብሩሽ እያዞራችሁ ቀቡ። እርጥብና የሚያንሸራትት ይሁን፤ እንደ ጥጥ የደረቀ አረፋ ምላጩን ይይዘዋል።
3. ቀን 1፦ ጉንጭ ብቻ። ከጆሮ አጠገብ ጀምራችሁ ወደ ታች፣ በ2 እና 3 ሴንቲ ሜትር አጫጭር ጉዞ። የቀረውን በለመዳችሁት ላጩ።
4. ቀን 2 እና 3፦ ጉንጭና መንጋጋ። አጥንቱን በአንድ ጉዞ አትሻገሩት። እስከ ጠርዙ ላጩና አቁሙ፤ ራሳችሁን አዘንብላችሁ ከስር እንደገና ጀምሩ።
5. ቀን 4 እና 5፦ አንገት። ደረጃ 1 ላይ የዳበሳችሁትን አቅጣጫ ተከተሉ። ማንቁርት ላይ ቆዳውን ወደ ጎን ሳቡና ለጥ ያለው ቦታ ላይ ላጩ።
6. ቀን 6፦ አፍንጫ ስርና አገጭ። ካርቶኑ እንዳሳያችሁ አድርጉ። ምላጩን በፍጹም ወደ ጎን፣ በስለቱ ርዝመት አቅጣጫ አታንሸራትቱ። ሽንኩርት የምንከትፈው በዚያ እንቅስቃሴ ነው።

ሲያልቅ በውሃ እጠቡት፣ በለስላሳ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ ጥረጉት፣ እጀታውን ከፍታችሁ አድርቁት። ለጥቂት ቀን የማትጠቀሙበት ከሆነ ስስ ዘይት ቀቡት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ጉንጭ ላይ ይላጫል፣ አፍንጫ ስር ይጎትታል። ጀርባው እየነካ ማዕዘኑን ከፍቶታል። ምላጩን ሰያፍ ያዙ፣ በጫፉ በኩል ያለውን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተጠቀሙ። ካልሆነ ያን ቦታ ለጊዜው በሌላ መላጫ ጨርሱ። በግድ አትግቡ።

ሁሉም ቦታ ይጎትታል። ይህ የስፋት ችግር አይደለም። መጀመሪያ አረፋውን አርጥቡ። ቀጥሎ የመሳያው ቆዳ ላይ 50 ጊዜ አመላልሱ። አሁንም ከጎተተ ድንጋይ ይፈልጋል። ድንጋይ ካልለመዳችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ፤ የወጥ ቤት ቢላዋ የሚስል ሰው ጋ ግን አትውሰዱት። በአንድ ቀን ሊያበላሸው ይችላል።

ቆዳዬ ይቃጠላል፣ ደም ግን የለም። ወይ ትጫናላችሁ፣ ወይ ማዕዘኑ ከ30 በላይ ሆኗል። ጠባብ ምላጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ጀርባውን ወደ ቆዳ አስጠጉ። በሚቀጥለው ቀን ትንሹን ጣታችሁን ጉንጫችሁ ላይ አሳርፋችሁ ላጩ፤ እጅ መደገፊያ ሲያገኝ ማዕዘኑ አይዋልልም።

ስለቱ አይታየኝም። ምላጩ ይሸፍናችኋል። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አድርጉት። ከአንድ ሳምንት በኋላም ካልታያችሁ አንድ ስምንተኛ ጠበብ ያለ ያስፈልጋችኋል።

እጄ ይዝላል፣ ጉንጭ ሳልጨርስ ይንቀጠቀጣል። ከበዳችሁ። አቁሙ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይዛችሁ አንገት ላይ አትሂዱ።

ተቆረጥኩ። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ ሳታነሱ ለአምስት ደቂቃ ጫኑት። በየሰኮንዱ እያነሱ ማየት ደሙን እንደገና ይከፍተዋል። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቀጠለ ወይም አፉ ከተከፈተ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሁለተኛ ስፋት መቼ?

ቢያንስ 30 ጊዜ በአንድ ምላጭ ሳትላጩ ሌላ አትግዙ። 30 ጊዜ ሲሞላ ካርቶኖቹን እንደገና አውጡና አራቱን ቦታዎች ሞክሩ። እጃችሁ ስለለመደ መጀመሪያ አይገባም ያላችሁት 19 ሚሊ አሁን በሰያፍ ሊገባ ይችላል። ከገባ 6/8 ውሰዱ። የሚያስቸግራችሁ መስመር ማውጣት ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ ታች ሂዱና 4/8 ጨምሩ፤ ጉንጩን በ5/8፣ ዳሩን በ4/8። እኔ ዛሬ እንዲህ ነው የምላጨው። ያን ባለ አንድ ኢንቹን አውጥቼ የምጠቀመው አንገቴንና ጉንጬን ብቻ ስላጭ ነው።